ከአፑ በፊት ስሞቹ፦ ልጆቻችን ሰማዩን በአማርኛ ይጥሩት

ባለፈው ኅዳር አንድ ምሽት፣ እዚህ ኮሎምበስ ኦሃዮ፣ ከሰባት ዓመቷ ልጄ ጋር ጓሯችን ቆመን ሰማይ እናያለን። እጇ ላይ ታብሌት አለ። ወደ ሰማይ ሲዞር የኮከቡን ስም የሚጽፍ አፕ ጭኜላታለሁ። የቋንቋ ዝርዝሩ ውስጥ «አማርኛ» የሚል ሳይ በጣም ነበር ደስ ያለኝ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ታብሌቱን ወደ ሰሜን ስታዞረው «ታላቁ መሸከም» የሚል ጽሑፍ መጣ። ትልቁ ድብ ለማለት ነው። በእንግሊዝኛ «ድብ» እና «መሸከም» አጻጻፋቸው አንድ ስለሆነ የትርጉም ማሽኑ የማይሆነውን መርጦ ቁጭ አደረገው። ልጄ «አባዬ፣ ምንድን ነው የሚሸከመው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት።

በዚህ መሀል እናቴ ከደብረ ብርሃን ደወለች። እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ እዚያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ የምትሰናዳበት ሰዓት። ልጄ ስክሪኑ ላይ ያየችውን በእንግሊዝኛ አነጋገር «ሃማል» ብላ አነበበች። እናቴ ከስልኩ ውስጥ፣ «ምን አለች? ሐመል? ሐመልማ ያባትሽ ኮከብ ነው!» ብላ ሳቀች።

ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ይዤ፣ የሶፍትዌር ሥራ እየሠራሁ፣ ለልጄ አንድ ኮከብ በአማርኛ መጥራት አቅቶኝ ነበር። እናቴ ደግሞ ያለ ምንም አፕ ጠራችው።

ነገሩ የአጋጣሚ መመሳሰል አይደለም። በእንግሊዝኛ የሚጠሩት ብዙ ከዋክብት ስማቸው የመጣው ከዐረብኛ ነው። ሐመል የበግ ጠቦት ማለት ሲሆን፣ የበጉ ኅብረ ከዋክብት ደማቁ ኮከብ ዛሬም በዓለም አቀፍ መዝገብ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። የእኛዎቹ አሥራ ሁለት ስሞችም ከዚያው ምንጭ ተቀድተዋል፦ ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት። በጀዲ ውስጥ ያለው ደማቅ ኮከብ በእንግሊዝኛ «ዴኔብ አልጌዲ» ይባላል፤ የጀዲ ጭራ ማለት ነው። በግእዝም ጭራ «ዘነብ» ነው። የእንግሊዝኛው ስም ከእኛ ቃላት ጋር ይህን ያህል ይዛመዳል።

እዚህ ላይ ቅር የሚለው ወላጅ እንደሚኖር አውቃለሁ። እነዚህን ስሞች አብዛኞቻችን የምናውቃቸው ከዓውደ ነገሥት ነው። የሰውን ስም ከእናቱ ስም ጋር ደምሮ ኮከብህ ይኸ ነው፣ ዕድልህ ያ ነው ከሚለው ቆጠራ ጋር ተቆራኝተዋል። እኔም ለልጄ ዕድሏን ከኮከብ እንድትጠይቅ አላስተምራትም። ግን ስሙን መውሰድና ጥንቆላውን መውሰድ ለየቅል ናቸው። ሐመል ማንም ቀና ብሎ የሚያየው የከዋክብት ስብስብ ነው። ስሙን ለቆጠራ ብቻ ከተውንለት ልጆቻችን ሰማዩን የሚጠሩበት ቃል ያጣሉ።

እንግዲህ የምለው ይኸ ነው፦ ለልጆች የአማርኛ የሰማይ አፕ ከመሥራታችን በፊት ስሞቹን እንሥራ። ኮዱማ ተሠርቶ አልቋል። ፈረንሳዊው ፋቢየን ሼሮ የጀመረው ስቴላሪየም ኦፕን ሶርስ ነው። የከዋክብቱ አቀማመጥ በአንድ በኩል፣ ስሞቻቸው በሌላ በኩል ተቀምጠዋል። የተለያዩ ሕዝቦች ሰማዩን የሚያዩበትን መንገድ ለብቻው መርጦ ማየት ይቻላል። ትርጉሙን የሚሠሩት ፈቃደኞች ናቸው። ከእኛ የሚጠበቀው አዲስ ፕሮግራም ሳይሆን የታሰበበት የስም ዝርዝር ነው።

ሥራው ለገንቢዎች ሦስት ነገር ይጠይቃል።

አንደኛ፣ ወጥ ደንብ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የሚያውቃቸው ኅብረ ከዋክብት 88 ናቸው። አሥራ ሁለቱ ስም አላቸው። የእንስሳውንና የዕቃውን እንተርጉም፦ ትልቁ ድብ፣ ንስር፤ የግሪኮች ባለ አውታር መሣሪያ ደግሞ ክራር ቢባል ልጅ ወዲያው ይገባዋል። የሰው ስም የሆኑትን፣ እንደ አንድሮሜዳና ፐርሲየስ ያሉትን፣ እንዳሉ በፊደላችን እንጻፋቸው።

ሁለተኛ፣ ፍለጋ። ሐመል፣ ሀመል፣ ኀመል፤ ሠውር፣ ሰውር፤ አሰድ፣ ዐሰድ። ልጅ በየትኛውም ፊደል ቢጽፈው ሊያገኘው ይገባል። ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መመለስ የጥቂት መስመር ኮድ ነው፤ የሚረሳው ግን እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ድምፅ። ውጭ አገር የሚያድጉ ብዙ ልጆች አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ፊደል አያነቡም። ፊደላችን ደግሞ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ስለዚህ የማሽን ድምፅ ከምናስነብባቸው፣ አያቶች ስሞቹን በስልካቸው ይቅረጹልን።

ዝርዝሩ አማርኛ ላይ ብቻም መቆም የለበትም። በሐመልና በአንድሮሜዳ መካከል ያለችውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን የቦረና ሰዎች ላሚ ይሏታል። በጨረቃና በከዋክብት የሚቆጠረው የዘመን አቆጣጠራቸው ከእሷ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ እውቀት ከአገራችን ሰማይ ካርታ ላይ ሊጎድል አይገባውም።

«ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ግራ አታጋቧቸው» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ልጅ ለአንድ ነገር ሁለት ስም መያዝ አያቅተውም። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። እኛ ቤት አማርኛ የ«ብዪ»፣ የ«ተኚ»፣ የ«ጫማሽን አውልቂ» ቋንቋ እየሆነ ነው። ልጄ ስለ ትልቅ ነገር ልትጠይቀኝ ስትፈልግ ወደ እንግሊዝኛ ትዞራለች። የምትጠይቅበት ቃል ያልሰጠናትን ቋንቋ ስታድግ ብትተወው ልንወቅሳት አንችልም።

ለመጀመር ከአንድ ኮከብ የተሻለ የለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ከ100 የሚበልጡ አገሮች እያንዳንዳቸው ለአንድ ኮከብና ለአንድ ፕላኔት ስም እንዲያወጡ ተጋብዘው ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኤችዲ 16175 የተባለው ኮከብ ነው። ኮከቡ «ቡና» ተባለ፤ የሚዞረው ግዙፍ ፕላኔት ደግሞ «አቦል»። ስሞቹ የተገለጹት ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያው ሳምንት የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ተወነጨፈች።

ቡና ያለው አንድሮሜዳ ውስጥ ነው። በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ «የኢትዮጵያ» ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት። የእነሱ ኢትዮጵያ የዛሬዋ አገራችን ብቻ አልነበረችም፤ ቢሆንም ለልጅ የሚነገር ጥሩ ተረት ነው። ቡናን ለማግኘት አልማክ እና አልጎል የተባሉትን ሁለት ደማቅ ከዋክብት ፈልጉና መሀላቸውን በባይኖኩላር እዩ። በባዶ ዓይን አይታይም። ርቀቱ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ዛሬ የምናየው ብርሃን ከዚያ የተነሣው ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ትንሹ ካሳ ሳሉ ነው ማለት ይቻላል።

እኛ ያየነው ከኮሎምበስ መብራት ወጥተን ነው። ወደ ደቡብ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ያህል ነድተን፣ ሆኪንግ ሂልስ ውስጥ በ2018 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጆን ግሌን የሥነ ፈለክ መናፈሻ ሄድን። ታብሌቱን መኪና ውስጥ ተውነው። ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ከዚያ ፍኖተ ሐሊብን አሳየኋት፤ ሐመልን ራሷ አገኘችው። ባይኖኩላሩን ደግፌላት ብዙ ከፈለገች በኋላ «አባዬ፣ ቡና!» አለች።

በማግስቱ ለአያቷ ደውላ ነገረቻት። እናቴ «አቦሉስ?» ብላ ጠየቀቻት። «አቦል አይታይም እማማ፣ በጣም ሩቅ ነው» አለቻት፤ ሁሉንም በአማርኛ። የስም ዝርዝሩን ጀምሬዋለሁ፤ እስካሁን 31 ደርሷል። 57 ይቀራሉ። ከእናንተ መካከል አያት ያለው ይደውልና ይጠይቅ።