ምርጫው ከኖቬምበር በፊት ያልቃል

ይድረስ ለመጽሔቱ አዘጋጅ፤

በአሜሪካ የምንኖር ትውልደ ኢትዮጵያውያን ስለ ፖለቲካ ተሳትፎ ስንነጋገር ዘወትር የምናነሳው ኋይት ሐውስንና ኮንግረስን ነው። በየአራት ዓመቱ ለፕሬዚዳንት ድምፅ እንሰጣለን፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማን አጣን ብለን እናዝናለን። ስደተኛ ማኅበረሰብ ወደ ሥልጣን የሚገባበት ዋናው በር የስቴት ምክር ቤት ነው ብዬ አምናለሁ። ይህም በር የሚከፈተው በኖቬምበር ሳይሆን ከዚያ በፊት ፓርቲዎች ዕጩ በሚለዩበት፣ ብዙዎቻችን በማንገኝበት ፕራይመሪ ነው። የሚኒሶታ ስቴት ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል።

በሚኒያፖሊስ ከተማ 60ቢ የተባለውን የምርጫ ክልል የወከሉት ፊሊስ ካን እ.ኤ.አ. በ1972 ከተመረጡ ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ በምክር ቤቱ ቆይተው ነበር። የሶማሌ ተወላጇ ኢልሃን ኦማር ያሸነፏቸው በኦገስት 2016 በዲኤፍኤል፣ ማለትም በሚኒሶታ ዴሞክራቶች ፕራይመሪ ነው። ወደ 40 ሺህ ሰው በሚኖርበት ክልል ድምፅ የሰጠው ከ6 ሺህ በታች ነበር። የሪፐብሊካኑ ዕጩ የምርጫ ዘመቻቸውን ስላቋረጡ በኖቬምበር የቀረው የታወቀውን ውጤት ማጽደቅ ብቻ ነበር። ኢልሃን ኦማር ለዚህ የበቁት ደግሞ በአንድ ክረምት ሩጫ አይደለም። በ2012 የስቴቱን ሴናተር የካሪ ጄጂክን፣ በ2013 የከተማ ምክር ቤት ዕጩውን የአንድሩ ጆንሰንን የምርጫ ዘመቻ መርተዋል፤ ጆንሰን ሲመረጡም በጽሕፈት ቤታቸው ሠርተዋል። በ2016ቱ ፕራይመሪ የተሸነፉት ሌላው የሶማሌ ተወላጅ ሞሐሙድ ኑር በ2011 ለስቴቱ ሴኔት፣ በ2014 ለዚሁ ወንበር ተወዳድረው አልተሳካላቸውም ነበር። ኢልሃን ወደ ኮንግረስ ሲያመሩ ግን ኑር በ2018 ተመርጠው ወንበሩን ያዙ። እንደ እነርሱ የሶማሌ ተወላጅ የሆኑት ኦማር ፋቴህም በ2018 ለታችኛው ምክር ቤት ቀርበው ተሸንፈው፣ በ2020 በሴኔት የነበሩትን ተመራጭ በፕራይመሪ አሸንፈው ገቡ። የስቴት ተመራጭ መንገድ ይህን ይመስላል፤ ለሌላ ሰው መሥራት፣ መሸነፍና እንደገና መቅረብ።

“እነዚህ የተመረጡት ሶማሌዎች በዚያ ብዙ ስለሆኑ ነው፤ እኛ ግን ተበታትነናል” የሚል መከራከሪያ ይነሳል። የወገን ቁጥር እንደሚረዳ አልክድም። ይሁን እንጂ በ2016ቱ ፕራይመሪ ከቀረቡት ሦስት ዕጩዎች ሁለቱ ሶማሌዎች ነበሩ። የወገን ድምፅ ለሁለት ተከፍሎ አንዷ ካሸነፉ፣ ቁጥር ብቻውን ውጤቱን አይገልጸውም። የምርጫ ክልሉ ሲዳር ሪቨርሳይድ የተባለውን የሶማሌዎች ሰፈር ብቻ ሳይሆን የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲን አካባቢም ይይዛል። ኢልሃን ያሸነፉት ከወገናቸው ባሻገር ተማሪውንና የቆየውን ነዋሪ ስለደረሱ ነው። ስለዚህ ተበታትኖ መኖራችን ሰበብ አይሆነንም፤ ይልቁንም ጎረቤታችንን ማሳመን እንዳለብን ያስተምረናል።

ሌሎች ደግሞ “የስቴት ምክር ቤት ምን ያደርግልናል? የውጭ ፖሊሲ የሚወሰነው በዋሽንግተን ነው” ይላሉ። እውነት ነው፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚኒሶታ ሴኔት አይወስንም። የዕለት ኑሯችንን ግን ይወስናል። በ2023 ስቴቱ የኢሚግሬሽን ሁኔታ ሳይጠየቅ መንጃ ፈቃድ እንዲሰጥ የሚያስችል ሕግ ሲያወጣ፣ ረቂቁን በሴኔት የመሩት በ2022 የተመረጡት ዘይነብ ሞሐመድ ናቸው። ያኔ ዴሞክራቶቹ በሴኔት የነበራቸው ብልጫ 34 ለ33 ነበር፤ አንዲት ወንበር ምን ያህል እንደምትመዝን ከዚህ ይታያል። የኡበርና የሊፍት ሾፌሮች ክፍያም የተወሰነው በዚሁ ምክር ቤት ነው። ኦማር ፋቴህና የምክር ቤት አባሏ ሆዳን ሐሰን ያቀረቡትን ረቂቅ በ2023 አገረ ገዢው ቲም ዋልዝ ውድቅ አደረጉት፤ በ2024 ግን ሾፌሩ ተሳፋሪ ይዞ በሚነዳበት ጊዜ ቢያንስ በማይል 1.28 ዶላር፣ በደቂቃ 31 ሳንቲም እንዲከፈለው የሚያዝዝ ሕግ ጸደቀ። ከወገኖቻችን ስንቱ በዚህ ሥራ ቤተሰብ እንደሚያስተዳድር አንባቢ ያውቀዋል።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ እኔን የሚከብደኝ የኑሮ ጉዳይ ነው። በቴክሳስ የአንድ ተመራጭ የዓመት ደመወዝ 7,200 ዶላር፣ በኒው ሃምፕሻየር 100 ዶላር ነው። ሁለት ሥራ የሚሠራ ወላጅ በዚህ ደመወዝ ለመወዳደር ቢያመነታ አይፈረድበትም። መልሱም ሸክሙን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አለመተው ነው። ጥቂት ሺህ ድምፅ በሚወስነው ምርጫ ብዙ ሰው በትንሽ በትንሹ ቢያዋጣና በየቅዳሜው በር ቢያንኳኳ ውጤቱ ይለወጣል። ዜግነት ያላገኘ ሰው በስቴት ምርጫ ድምፅ መስጠት አይችልም፤ ግሪን ካርድ ያለው ግን ለዕጩ ገንዘብ መለገስና በበጎ ፈቃድ ማገልገል ይፈቀድለታል።

ስለዚህ ለመጽሔቱ አዘጋጅም ለአንባቢዎቹም የማቀርበው ጥያቄ አለ። አዘጋጁ የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲደርስ ብቻ ሳይሆን፣ ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባቸው ስቴቶች የፕራይመሪውን ቀን፣ የመራጮች ምዝገባ ማብቂያውንና የዕጩዎቹን አቋም አስቀድሞ ያትምልን። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየዕድሩ ያላችሁ መሪዎችም ለየትኛውም ፓርቲ ሳትወግኑ ቀኑን አሳውቁ። አንባቢ ሆይ፣ በስቴትህ ምክር ቤት የሚወክልህ ሰው ማን እንደሆነ ዛሬ እወቅ፤ በሚቀጥለው ፕራይመሪም ድምፅህን ስጥ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመጽሔቱ አንባቢ