ዕዳው የፌዴራል፣ ግብሩ የወረዳ፦ የደመወዝ ግብር ክርክርና ሰሜን ሸዋ

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ባጸደቀው የገቢ ግብር አዋጅ ማሻሻያ ከግብር ነጻ የሆነው ወርኃዊ ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። 35 በመቶ የሚከፈልበት የመጨረሻው እርከንም ከ10,900 ብር በላይ መሆኑ ቀርቶ ከ14,000 ብር በላይ ሆኗል። አዋጁ የጸደቀው በአዲስ አበባ ቢሆንም ውጤቱ የሚታየው በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበርና በሌሎችም አካባቢዎች በየወሩ በሚዘጋጀው የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላይ ነው።

በጉዳዩ ላይ በተካሄደው ክርክር ሁለት ሐሳቦች ጎልተው ወጥተዋል። መንግሥት አገሪቱ የምትሰበስበው ግብር ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት ከ10 በመቶ በታች መሆኑን ጠቅሶ፣ ይህ ካልተሻሻለ በብድር ላይ ያለውን ጥገኝነት መቀነስ እንደማይቻል ያስረዳል። የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በበኩሉ ከግብር ነጻ የሆነው ወሰን ከኑሮ ውድነቱ ጋር የማይመጣጠን መሆኑን ሲያነሣ ቆይቷል። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። ይሁንና የአገሪቱን ዕዳ በብር ያናረውና የሠራተኛውን ደመወዝ ወደ ላይኛው የግብር እርከን የገፋው አንድና ተመሳሳይ ምክንያት መሆኑ የሚገባውን ያህል ትኩረት ያገኘ አይመስልም።

ዕዳና ግብር አብረው ሲያነጋግሩ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። አንኮበር የሸዋ መንግሥት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ወደ ሸዋ በሚገባ የእንግሊዝ ሸቀጥ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ተስማምተዋል። ከአንኮበር ግርጌ የምትገኘው አልዩ አምባ የሲራራ ነጋዴዎች መናኸሪያ ስለነበረች ቀረጥ ለቤተ መንግሥቱ ቀላል ጉዳይ አልነበረም። የልጅ ልጃቸው አፄ ምኒልክ ደግሞ የውጫሌን ውል ተከትሎ ደጃዝማች መኮንን በ1882 ዓ.ም. በኢጣሊያ በፈረሙት ተጨማሪ ውል አማካይነት 4 ሚሊዮን ሊሬ ተበድረዋል። ለዚህም የሐረር ጉምሩክ ገቢ በመያዣነት ተሰጥቷል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1885 ዓ.ም. ውሉን መሰረዛቸውን ሲያስታውቁ ብድሩን ከነወለዱ መልሰዋል። ዕዳው ሳይከፈል ውሉን ማፍረስ ሐረርን ለጥያቄ እንደሚያጋልጥ ተረድተው ነበር ማለት ይቻላል። የዛሬ አበዳሪዎች ጉምሩክ በመያዣነት አይወስዱም፤ የሚጠይቁት የፖሊሲ ለውጥ ነው።

በቅርቡ ዘመን ኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. በከፍተኛ ዕዳ ለተጎዱ ድሃ አገሮች በተዘጋጀው ፕሮግራም አማካይነት የዕዳ ስረዛ ተጠቃሚ መሆኗ ይታወሳል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ለመንገድ፣ ለባቡር፣ ለኃይል ማመንጫና ለስኳር ልማት ሰፊ ብድር ተወስዷል። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በ6.625 በመቶ ወለድ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ በዓለም አቀፍ ገበያ ተሽጧል። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የዚህ ቦንድ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ በዚያው ቀን ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት ዓመት ፕሮግራም አጸደቀ። በቻይናና በፈረንሳይ ሰብሳቢነት ከሚመራው የአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴ ጋርም 8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ለማሸጋሸግ በ2017 ዓ.ም. ስምምነት ላይ ተደርሷል።

የምንዛሪው ለውጥ ያስከተለውን ውጤት በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ከለውጡ በፊት ለ1 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ከ58 ቢሊዮን ብር ያልበለጠ ያስፈልግ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ለዚያው ዕዳ ከ130 ቢሊዮን ብር በላይ ያስፈልጋል። አንድ ዶላር ተጨማሪ ሳይበደሩ የዕዳው የብር ክብደት ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው።

ደመወዝ ላይ የሆነውም ከዚህ ይመሳሰላል። በ2008 ዓ.ም. አዋጅ 35 በመቶ የሚጀምርበት 10,900 ብር በወቅቱ ምንዛሪ 500 ዶላር ገደማ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የተወሰነው 14,000 ብር ግን ከ100 ዶላር ብዙም አይርቅም። ያኔ ከፍተኛ ገቢ ላላቸው ጥቂቶች የታሰበው ምጣኔ ዛሬ የመካከለኛ ባለሙያ ምጣኔ ሆኗል።

ለአብነት ያህል በመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ መሠረት የአንድ ዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር አድጓል። በቀድሞው አዋጅ ከ6,940 ብሩ 1,170 ብር፣ ማለትም 16.9 በመቶ፣ ለግብር ይቆረጥ ነበር። በአዲሱ አዋጅ ከ11,500 ብሩ 2,100 ብር ይቆረጣል፤ ይህም 18.3 በመቶ ነው። የቀድሞው አዋጅ ባይሻሻል ኖሮ ተቆራጩ 2,525 ብር ይደርስ ስለነበር ማሻሻያው ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ጭማሪው ለዋጋ ንረቱ ማካካሻ መሆኑ ግምት ውስጥ ሲገባ፣ የመግዛት አቅሙ ባላደገ ሠራተኛ ላይ የግብሩ ድርሻ ከፍ ብሏል። ጡረታው ከዚህ ስሌት ውጭ ነው።

ችግሩ በኢትዮጵያ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ በ2024 እና በ2025 እ.ኤ.አ. በጀቶቿ የግብር እርከኖቹን ከዋጋ ንረት ጋር ሳታስተካክል በማለፏ ምጣኔውን ሳትነካ ተጨማሪ ገቢ አግኝታለች። በኬንያ ደግሞ በሰኔ 2016 ዓ.ም. የፋይናንስ ሕግ ረቂቁ ከፍተኛ ተቃውሞ አስነሥቶ ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ ረቂቁን እንደማይፈርሙ አስታውቀዋል። በኬንያ ግብሩ ሕዝብ ፊት በግልጽ ቀርቦ ነበር። በእርከን መሸጋገር የሚመጣው ጭማሪ ግን ድምፅ ሳይሰጥበት ያልፋል፤ ለአስፈጻሚው አካል የሚመቸውም ለዚህ ነው።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነጥብ ገንዘቡ የሚገባበት ግምጃ ቤት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የክልል መንግሥት ሠራተኞች ግብር፣ የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የአርሶ አደሩ የእርሻ ገቢ ግብር የክልሉ ናቸው። የውጭ ዕዳ የሚከፈለው ግን ከፌዴራል ካዝና ነው። በመሆኑም ከአንኮበር መምህር የሚቆረጠው ግብር በቀጥታ ለቦንድ ወለድ አይሄድም። ለ2018 በጀት ዓመት ከጸደቀው 1.93 ትሪሊዮን ብር የፌዴራል በጀት ውስጥ ለክልሎች ድጋፍ የተመደበው 315 ቢሊዮን ብር ገደማ ወይም 16 በመቶ ያህሉ ነው። የዕዳ ክፍያ ከፌዴራሉ በጀት የሚይዘው ቦታ ሲሰፋ ይህ ድጋፍ ይጫናል፤ ክልሉም ጉድለቱን ከራሱ ገቢ እንዲሸፍን ይገደዳል። ዕዳው ወረዳ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ከተሞች ሊታይ የሚገባው ከዚሁ አኳያ ነው።

ደብረ ብርሃን ሸክሙ ከደመወዝተኛው ላይ ሊቃለል የሚችልበትን አቅጣጫም ታመለክታለች። ከተማዋ በ1957 ዓ.ም. ከተቋቋመው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ጀምሮ የኢንዱስትሪ ታሪክ ያላት ስትሆን፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በጥር 2011 ዓ.ም. ተመርቋል። የፓርኮቹ ዓላማ የውጭ ምንዛሪ ማስገኘት፣ የግብር እፎይታው ጊዜ ሲያበቃም የመንግሥትን ገቢ ማስፋት ነበር። ሆኖም በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ደርሷል፤ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የአጎዋ ተጠቃሚነት ታግዳለች፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም ክልሉ በግጭት ውስጥ ቆይቷል። መንገድ በተዘጋበት ቀን ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ አያገኝም፤ የወረዳው ገቢ ሰብሳቢም ወደ ገጠር ቀበሌ አይወርድም። ግብሩ ሳይቋረጥ የሚሰበሰበው ደመወዙ ከእጁ ሳይገባ ከሚቆረጥበት ሠራተኛ ነው።

የ2008ቱ እርከን እስኪሻሻል ዘጠኝ ዓመት ወስዷል። የአሁኑ 14,000 ብርም ተመሳሳይ ጊዜ ሳይከለስ ከቆየ፣ ዛሬ በ6,000 ብር መነሻ የተቀጠረ ሠራተኛ ምክር ቤቱ አንድም አዲስ አዋጅ ሳያወጣ 35 በመቶ ከሚከፍሉት ወገን ሊሰለፍ ይችላል።