በአበባው የተገዛ ቡና

 

«ኢስላም ወደዚህ አገር የገባው በሲራራ ነጋዴ ታማኝነት ነው» እያልን እንኮራለን። እውነት አለው። በጅማው ንጉሥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (እ.ኤ.አ. 1878–1932) አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በሂርማታ ገበያ ይገናኙ ነበር። ነገር ግን እዚያው ገበያ ከከፋ፣ ከማጂና ያኔ ጊሚራ ይባል ከነበረው ከዚህ ከእኛ አገር የተነዱ ሰዎችም ይሸጡ ነበር። ከሻጮቹም ከገዢዎቹም መካከል ሰጋጆች ነበሩ። ኩራቱን እንጂ ይህን ለልጆቻችን አንነግርም።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ውል ጋምቤላ ለእንግሊዞች ንግድ ተፈቀደች፤ ባሮ በሞላ ቁጥር ቡና በመርከብ ወደ ካርቱም ወረደ። በ1917 ባቡር አዲስ አበባ ገባ። የጫካ ፍሬ የነበረው ቡና ጥሬ ገንዘብ ሆነ። ሰውን በገመድ የሚነዳው ነጋዴ ዛሬ የለም፤ አልሐምዱሊላህ። በዕዳ የሚነዳው ግን ቴፒም ሚዛንም አለ።

ነገሩን ታውቀዋለህ። የገበሬው ጎተራ ይጎድላል፤ ልጅ ይታመምበታል። ነጋዴው ብር ይዞ ይደርስና የጓሮውን ቡና ገና በአበባው በግማሽ ዋጋ ይገዛዋል። ነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ.) ግን ፍሬ መብሰሉ ሳይታይ እንዳይሸጥ ከልክለዋል፤ ሐዲሱ በቡኻሪም በሙስሊምም አለ።

«ይህማ ሰለም ነው» የሚሉ አሉ። ትንሽ ኪታብ የቀራ ሰው መልስ አያጣም፤ ነጋዴ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሰለም የተፈቀደው ሚዛኑ፣ ዓይነቱና ቀኑ ታውቆ፣ ገንዘቡም እዚያው ተቆጥሮ ሲሰጥ ነው። አንተ የገዛኸው «ከወንዝ ማዶ ያለውን የእገሌን ዛፍ» ነው። ስንት ፈረሱላ? አይታወቅም። ዝናብ ቢቀርስ? ዕዳው ለከርሞ ይተላለፋል፤ ሲተላለፍም ይወልዳል። ይህ በሱረቱል በቀራ ጦርነት የታወጀበት አራጣ ነው።

«ገበሬው ወዶ ተስማማ» ይሉሃል። ልጁ የታመመበት ሰው የማይስማማበት ነገር ምን አለ?

ከዚሁ ትርፍ ለመስጂድ ቆርቆሮ ሲሰጥ ጀመዓው ዱዓ ያደርጋል፤ «ከየት አመጣኸው?» የሚል የለም። የከተማችን ስም ደግሞ ሚዛን ነው!

ወንድሜ፣ ሰለም ከፈለግህ ኪሎውን ጻፍ፣ ቀኑን ጻፍ፣ ብሩን ሙሉውን ቁጠር፣ ምስክር አቁም። ቡናው ከጠፋ ወይ ታገሥ፣ ወይ የሰጠኸውን ብር ብቻ ተቀበል። ከዚያ በላይ አንድ ጣሳ ጀንፈል ብትጨምር ምን ብለህ ትጠራዋለህ?