ከማን ተጣልተህ መጣህ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ የፍልሰታን ሱባኤ ልይዝ ከአዲስ አበባ ወጥቼ አንድ ገዳም ሄድኩ። ስልኬን ገና አውቶቡስ ላይ ሳለሁ አጥፍቼዋለሁ፤ እንደ ትልቅ መሥዋዕት ቆጥሬው ነበር። በሶ፣ ቆሎ፣ ጋቢና ውዳሴ ማርያም ይዣለሁ። እንግዳ የሚቀበሉት አባት የጫማዬን ጭቃ ጠርጌ ሳልጨርስ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ከማን ተጣልተህ መጣህ?» አሉኝ።

ደነገጥኩ። የበቁ አባት ናቸው፣ ውስጤን አዩት ብዬ ነበር። ለመጣው ሁሉ የሚያቀርቡት ጥያቄ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። ከወንድሜ ጋር በአባታችን ቤት ምክንያት ከተኳረፍን ሁለት ዓመት እንዳለፈን ነገርኳቸው። «እንግዲያው ስልክህን ክፈተው» አሉኝ።

ለብቻ መሆን በክርስትና ምን ዋጋ አለው ለሚለው ጥያቄ ከዚህች ትእዛዝ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። ሰው ወደ በአት የሚገባው ሰዎቹን ሊረሳ ሳይሆን ሊያያቸው ነው። ከመካከላቸው ሆኖ፣ በየዕለቱ ጫጫታና ቂም ተጋርደውበት ያላያቸውን ሰዎች።

እኛ ብቻውን የሚሆን ሰው አይጥመንም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እንላለን፤ ቡና እንኳ ጎረቤት ካልተጠራበት ቡና አይመስለንም። ይኸው ሕዝብ ግን አንድ ባሕታዊ ዋሻ ውስጥ አሉ ሲባል ግማሽ ቀን በእግሩ ይጓዛል። የሚጋጭ ይመስላል፤ ቋንቋችን ግን ሁለቱን ከለየ ቆይቷል። ብቸኝነት አንድ ነገር ነው፣ ብሕትውና ሌላ። ብሕትውና ባሕቲት ከሚለው የግእዝ ቃል የወጣ ነው፤ እሱም ብቻ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ብቸኛ ሲባል ሰው ያጣ፣ ባሕታዊ ሲባል ደግሞ ሰው የሚፈልገው ሰው ወደ አእምሯችን ይመጣል። ጅዳ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ፣ ቋንቋዋን የሚሰማ ሰው ሳታገኝ ዓመት የምትቆጥር እህታችን ብቸኛ ናት፤ ያንን ማንም መንፈሳዊ ጸጋ ብሎ ሊያቆላምጥባት አይገባም። እኩለ ሌሊት ማድ ቤት ውስጥ ቆማ ስትጸልይ ግን ያቺን ሰዓት ማንም አልሰጣትም፤ የራሷ ናት።

ጌታ ከተጠመቀ በኋላ 40 ቀን የጾመበትን ምድረ በዳ ሊቃውንታችን ገዳመ ቆሮንቶስ ይሉታል። ከዚያ ሲወጣ ወደ ባሕር ዳር ወርዶ ዓሣ አጥማጆችን ጠራ። የመነኮሳት አባት የሚባለው እንጦንስም በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። የወላጆቹን ርስት ትቶ በግብፅ በረሃ አንድ የፈረሰ ምሽግ ውስጥ ገብቶ 20 ዓመት ያህል ዘጋ። ገድሉን የጻፈው የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነው፤ ያው የእኛን አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የላከው። ወዳጆቹ በሩን ሰብረው ሲያወጡት ከሲታና ጨፍጋጋ ሰው ጠብቀው ነበር። እሱ ግን አልወፈረም አልከሳም፤ አላዘነም አልፈነደቀም። አትናቴዎስ ቀጥሎ ከሚተርክለት ሥራ መካከል ያዘኑትን ማጽናናቱና የተጣሉትን ማስታረቁ ይገኛሉ። በ311 በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በክርስቲያኖች ላይ ስደት ሲነሣ ደግሞ በአቱን ትቶ እስክንድርያ ወረደና የታሰሩትን ሲያገለግል ከረመ።

20 ዓመት ዘግቶ የወጣ ሰው ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ሽምግልና ነበር።

የእኛ ገዳማትም ይህንን ያወቁት ይመስለኛል፤ አዲስ መጤን ወደ ዋሻ የሚልክ የለም። ረድእ ሆኖ ዓመታት ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ይፈጫል፣ የሽማግሌ መነኮሳትን እግር ያጥባል። በአንድነት ገዳም ሥራውም ማዕዱም የጋራ ነው። ለብቻ የሚወጣው አብሮ መኖርን የተማረና የተፈቀደለት ነው። ሲመነኩስ እንደ ሞተ ሰው ጸሎተ ፍትሐት ይደረስበታል፤ ለስሙ፣ ለርስቱ፣ ለመታየት ጉጉቱ ሞተ ማለት ነው። ከተማ ውስጥ ሰንሰለት ታጥቆ ባሕታዊ ነኝ እያለ መንገደኛ የሚሳደበው ሰው ለዚህኛው ሞት የደረሰ አይመስለኝም።

ይህ ሁሉ የጥንት ነገር ነው ለሚል፣ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አነሣለሁ። በ1923 በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር የተወለዱ፣ ስዊዘርላንድ የተማሩ ባለፒያኖ ነበሩ። ለንደን ሄደው ሙዚቃ የማጥናት ዕድላቸው ሲዘጋ ልባቸው ተሰበረ፤ በ19 ዓመታቸው ወደ ግሸን ማርያም አመሩ። እዚያ አምባ ላይ አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። ፒያኖ አልነበረም። ሲመለሱ ግን እንደገና ተቀመጡበት፤ የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢም ለወላጅ አልባ ልጆች ዋለ። ተስፋ ቆርጠው እንደሄዱ አልክድም፤ ሽሽትም ሊባል ይችላል። ሽሽት ሆኖ የተጀመረ ነገር ሽሽት ሆኖ እንደማይቀር ግን የእሳቸው ሕይወት ምስክር ነው። ዕድሜያቸው 99 ደርሶ በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ ዐረፉ።

ዛሬ የሚያሳስበኝ ሱባኤ ጉዳይ ማስፈጸሚያ እየሆነ መምጣቱ ነው። ለቪዛ ሱባኤ፣ ለትዳር ሱባኤ፣ ለሹመት ሱባኤ። መለመን ነውር አይደለም፤ ሐናም ልጅ ለምናለች። ነገር ግን በገዳሙ የእንግዳ ማረፊያ አንዲት ሶኬት ዙሪያ አሥራ አንድ ስልክ ቆጥሬያለሁ። ግማሾቻችን በአታችንን ፎቶ አንስተን ልከናል፤ እኔም ልኬ አውቃለሁ። ተመልካች ይዞ የገባ ሰው ብቻውን አልሆነም። ብቻውን ካልሆነ ደግሞ ያ የሚፈራው ነገር፣ የገዛ ሐሳቡ፣ ፊት ለፊት አይመጣበትም። በአርምሞ ሦስት ቀን የቆየ ሰው ያውቀዋል፦ መጀመሪያ የሚመጣው መልአክ ሳይሆን የበደሉት ሰዎች ዝርዝር ነው፤ ቆይቶ እሱ የበደላቸው። ሁለተኛው ዝርዝር እስኪመጣ ያልታገሠ ሰው ባይሄድ ምን ቀረበት?

ሱባኤ ማለት ራሱ ሰባት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ሐዋርያት በነሐሴ ሁለት ሱባኤ የያዙት የእመቤታችንን ሥጋ ለማግኘት ነው፤ የያዙትም በአንድ ልብ፣ በጋራ ነው። ከማኅበሩ አንዱን እንዳኮረፈ የገባ አልነበረም።

እኔ ግን እንዳኮረፍኩ ነበር የሄድኩት። ስልኬን ከፍቼ ደወልኩ። ወንድሜ አላነሳም። ለአባ ብነግራቸው «ነገም አለ» ብለውኝ ወደ ማኅሌት ገቡ። በማግሥቱም አላነሳም። ያነሳው በሦስተኛው ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ሌላው ሰው ነሐሴ 1 የጀመረውን ሱባኤ እኔ የጀመርኩት ነሐሴ 3 ነበር።