የማፊ ዘገባ በሮማ፦ ኢትዮጵያን የጎዳት የምስጢሩ መውጣት ነው ወይስ የለንደን አቋም?

የአንደኛው ጸሐፊ ክርክር

በሰኔ 1927 ዓ.ም. በብሪታንያ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ባለሥልጣን በሰር ጆን ማፊ የሚመራ ኮሚቴ፣ ጣሊያን ኢትዮጵያን ብትይዝ የብሪታንያ ጥቅም ምን ያህል እንደሚነካ መርምሮ፣ ከጣናና ከዓባይ ውኃ እንዲሁም ከጠረፍ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መብት በቀር ወረራውን በኃይል ለመመከት የሚያስገድድ ዐቢይ ጥቅም የለም ሲል ደመደመ። ለመንግሥት ብቻ የተጻፈው ይህ ዘገባ በሮማ ከነበረው የብሪታንያ ኤምባሲ ተሰርቆ ጦርነቱ ሳይጀመር ከሙሶሊኒ እጅ ገባ። እንግዲህ በመስከረም 1928 ዓ.ም. የብሪታንያ የጦር መርከቦች ጂብራልታር ሲደርሱ ዛቻው ባዶ መሆኑን ሙሶሊኒ ከዛቹ ሰነድ አስቀድሞ አንብቦ ነበር። ድርድር ጸንቶ የሚቆመው አንዱ ወገን የሌላውን የመጨረሻ ልክ ባለማወቁ ስለሆነ፣ ያ ልክ ለወራሪ ሲገለጥ የተወራሪው ጋሻ ተገፈፈ ማለት ነው፤ ዋጋውንም የከፈሉት የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በጉራጌ ምድር፣ በቡታጅራ አቅራቢያ፣ ተይዘው የተረሸኑትን ራስ ደስታ ዳምጠውን የመሰሉ አርበኞች ናቸው።

የሁለተኛው ጸሐፊ ክርክር

የራስ ደስታን ሞት ከማፊ ዘገባ ጋር ማያያዝ ስሜት ይነካ እንደሆነ እንጂ ማስረጃ አይሆንም። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሙሉ በሙሉ ለመያዝ የምስጢር መመሪያውን የጻፈው ታኅሣሥ 21 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ማለትም ዘገባው ከመጻፉ ከወራት በፊት ነው። የብሪታንያን ልብ ለማወቅም ሌባ አላስፈለገውም፤ ለንደን በሐምሌ ወር ለሁለቱም ወገን የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ በአደባባይ ስታግድ፣ መሣሪያዋን ራሷ የምትሠራው ጣሊያን ምንም ሳይጎድልባት ከውጭ የምትገዛው ኢትዮጵያ ባዶ እጇን ቀረች፤ የመንግሥታቱ ማኅበር ኋላ የጣለው ማዕቀብም (የንግድ ክልከላ) ነዳጅ ዘይትን አልነካም፣ የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች አልተዘጋም።

የምስጢር መውጣት ሁልጊዜ ተወራሪውን ይጎዳል ማለትም ትክክል አይደለም። የብሪታንያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ፒየር ላቫል ጋር ሰፊ የኢትዮጵያን መሬት ለጣሊያን ለመስጠት የዶለቱት ዕቅድ በኅዳር 1928 ዓ.ም. መጨረሻ በፓሪስ ጋዜጦች ሲወጣ፣ የብሪታንያ ሕዝብ በቁጣ ተነሥቶ ሆር በታኅሣሥ 8 ቀን ሥልጣናቸውን ለቀቁ፣ ዕቅዱም ከሸፈ።

የአንደኛው ጸሐፊ መልስ

ይህ ምሳሌ የሚመሰክረው ለተቃራኒው ወገን ነው። የሆርና የላቫል ዕቅድ የደረሰው ለመራጩ ሕዝብ ሲሆን፣ የማፊ ዘገባ ግን ለወራሪው ደርሶ ከአደባባይ ተሰውሮ ቆየ። ጣሊያን ለንደንን ለማሳፈር በጋዜጣዋ ያወጣችው በየካቲት 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያን ጊዜ የማርሻል ባዶሊዮ ጦር አምባ አራዶምን ይዞ ነበር።