የአንጎል ደም ሥር ሕክምና ውጤት ከወዴት ይቈጠራል?

የራስ ቅል ሳይከፈት፣ በአንጎል ውስጥ ያበጠውን የደም ሥር ከውስጥ ደፍኖ በሽተኛውን ከሞት ማዳን፣ የሐኪሞች ጥበብ በዚህ ዘመን ከደረሰባቸው ታላላቅ ነገሮች አንዱ ነው። ይህ ሥራ ስንቱን ሰው እንዳዳነ በቍጥር ተጽፎ በዓለም ሁሉ ይነገራል፤ ቍጥሩም የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ቈጠራው የሚጀምረው በሽተኛው ከሆስፒታል ደጃፍ ከደረሰ በኋላ ስለ ሆነ፣ ለሰቆጣና ለዋግ ኽምራ ደጋ ሰው ውጤቱ ይህ ነው ብሎ እንዳለ መናገር ትክክል አይሆንም። በእኛ አሳብ፣ የዚህ ሕክምና ውጤት መቈጠር የሚገባው ሕመሙ ከጀመረበት ቤት ነው።

በመጀመሪያ ሕመሙን ማወቅ ያስፈልጋል። ደምን ወደ አንጎል የሚወስዱት ሥሮች በሚከፈሉበት መገንጠያ ላይ አንዳንድ ጊዜ ግድግዳቸው ይሳሳና እንደ ትንሽ ከረጢት ይነፋል፤ ሐኪሞች አኒዩሪዝም ይሉታል። ከ100 ጐልማሶች 3 ያህሉ ይህን እብጠት ይዘው እንደሚኖሩ በምርመራ ታውቋል፤ አብዛኞቹም ምንም ሳይሰማቸው ኖረው በሌላ ምክንያት ይሞታሉ። ስለዚህ እብጠት ያለበት ሁሉ ይሞታል እያሉ ሕዝብን ማስፈራራት አይገባም። ክፉው ነገር ሲፈነዳ ነው። በዚያን ጊዜ ደሙ በአንጎል ዙሪያ ይፈስሳል፤ በዕድሜው አይቶት የማያውቀው ራስ ምታት እንደ መብረቅ በድንገት ይወርድበታል፤ ያስመልሰዋል፣ ማጅራቱ ይደርቃል፣ ብርሃን ማየት ያቅተዋል፤ ወዲያው ራሱን የሚስትም አለ። ሕመሙ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል፤ ብዙ ጊዜም በ50 ዓመት ግድም፣ ሰው ቤት በሚመራበትና ልጅ በሚድርበት ዕድሜ ይመጣል። የደም ብዛትና ትንባሆ ያባብሱታል።

ወደ ጥበቡ ስንመለስ፣ የፖርቱጋሉ ሐኪም ኤጋሽ ሞኒዝ በ1927 የአንጎልን ደም ሥሮች በራጅ ሥዕል አሳየ (የውጭ አገሩን ዘመን የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው)። አሜሪካዊው ዋልተር ዳንዲ በ1937 የራስ ቅል ከፍቶ የእብጠቱን አንገት በትንሽ የብረት መቈንጠጫ ዘጋ። ጣሊያናዊው ጉይዶ ጉልዬልሚ ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር በ1990 በሎስ አንጀለስ ከተማ ከብሽሽት ደም ሥር ቀጭን ቱቦ እስከ አንጎል ድረስ አስገብቶ፣ እብጠቱን በለስላሳ የፕላቲን ሽቦ ጥቅልል መሙላት ጀመረ። ጥቅልሉ ከቦታው ሲደርስ በጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ከገፊው ሽቦ ይላቀቃል፤ ደሙ በዙሪያው ይረጋና እብጠቱ ይደፈናል።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር በ2002 በታተመ ታላቅ ጥናት ተመረመረ። በእንግሊዝ ሐኪሞች መሪነት እብጠታቸው የፈነዳባቸው 2143 በሽተኞች በዕጣ ተከፍለው ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ የሞቱት ወይም ያለ ሰው እርዳታ መኖር ያልቻሉት፣ በጥቅልሉ ከታከሙት ከ100 ወደ 24፣ በቀዶ ጥገናው ከታከሙት ከ100 ወደ 31 ሆኑ። ከዚያም በ2015 በወጣው ተከታይ ጽሑፍ፣ በ10ኛው ዓመት በሕይወት የተገኙት ከጥቅልሉ ወገን ከ100 ሰዎች 83፣ ከቀዶ ጥገናው ወገን 79 ነበሩ። በጥቅልሉ የታከሙት ዳግመኛ የመድማት አደጋ በጥቂቱ ቢበዛባቸውም በሁለቱም ወገን ያነሰ ነበር።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች እነማን ነበሩ? ከ10 ወደ 9 የሚጠጉት ወደ ጥናቱ ሲገቡ ሁኔታቸው መልካም የነበረ፣ ሰምተው የሚመልሱ ሰዎች ናቸው። በቤታቸው የሞቱት፣ በመንገድ የቀሩት፣ ራስ ምታት ነው ተብለው የተመለሱት በመዝገቡ የሉም። እብጠቱ አንድ ጊዜ ከፈነዳ በኋላ ሁለተኛ የመድማቱ አደጋ እጅግ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓቶች ነው፤ ስለዚህም ሕክምናው ቢቻል በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲፈጸም ሐኪሞች ይመክራሉ። አሁን ይህን 24 ሰዓት ወደ ዋግ እናምጣው። በዝቋላ ወይም በሰሃላ ቈላ፣ በተከዜ አጠገብ ያለ ሰው ከሌሊቱ በስድስት ሰዓት ቢታመም፣ ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና ከሚያልፍበት መንገድ እስኪያደርሰው ይነጋል። ከዚያ ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። ከሰቆጣ አዲስ አበባ ደግሞ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያውም ተራራና ገደል የበዛበት መንገድ። ሰዓቱ ያለቀው ገና ፕላቲኑ ሳይታሰብ ነው።

ከመንገዱም በፊት የሚጠፋ ጊዜ አለ፤ እርሱም ሕመሙን ባለማወቅ የሚጠፋው ነው። በድንገት ራሱን ይዞ የወደቀ ሰው ምች መታው ይባላል፤ ቅጠል ይታሽለታል፤ እስኪሻለው ተብሎ ይጠበቃል። ወደ ጠበልም ይወሰዳል። ጠበሉ ይቅር የሚል ቃል ከእኛ አይወጣም፤ ነገር ግን ካህናቱ፣ ይህ ራስ ምታት በድንገት የወረደበት እንደ ሆነ ጠበሉ እየተረጨ መኪናም ይፈለግ ቢሉ ቃላቸው ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው ሴቶች ልጆቻችንን አሠማርቷል። እነርሱ የዚህን ሕመም አንድ ምልክት፣ ማለትም ድንገተኛነቱን፣ በአማርኛም በኽምጣኛም ለእናቶች ቢያስተምሩ ዋጋው ጥቂት ነው። የደም ብዛት መለኪያም በየጤና ኬላው ይኑር። ሰቆጣ በጥንት ዘመን የአሞሌ ጨው ታላቅ ገበያ ነበረች፤ ዛሬ ደግሞ ጨውን ስለ መቀነስ የሚነገርባት ብትሆን የሚያስቅ ቢመስልም ቁም ነገር ነው።

ሌላም አለ፤ ስለ እርሱ ሲነገር እምብዛም አንሰማም። በጥቅልል የታከመ ሰው እብጠቱ እንደ ተደፈነ መቅረቱን ለማረጋገጥ ከወራት በኋላ ተመልሶ ሥዕል መነሣት አለበት። በደም ሥሩ ውስጥ የብረት መረብ የተተከለለት እንደ ሆነማ ደም እንዳይረጋበት መድኃኒት በየቀኑ ለወራት መውሰድ ግዴታው ነው፤ ያቋረጠ እንደ ሆነ መረቡ ራሱ ሊገድለው ይችላል። የአዲስ አበባ ወይም የለንደን ሰው ይህን ይፈጽማል። የአምደ ወርቅ ገበሬ በመኸር ጊዜ በሬውን ለማን ትቶ፣ በማን ገንዘብ ተመልሶ ይመጣል? ስለዚህ ሐኪሙ መሣሪያ ሲመርጥ የእብጠቱን ቅርጽ ብቻ ሳይሆን የበሽተኛውን አገርም ይጠይቅ እንላለን። ለአንዳንዱ የሩቅ አገር ሰው፣ በጥናቱ ጥቂት ያነሰው የቀድሞው መቈንጠጫ የተሻለ ሊሆንለት ይችላል፤ አንድ ጊዜ ተዘግቶ የሚቀር ነውና። ይህን ማለት አዲሱን ጥበብ መናቅ አይደለም።

በራብና በጦርነት ለተጐዳ አገር ስለ ፕላቲን ሽቦ መናገር ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የዋግ ኽምራ የጤና ተቋማት እንደ ተጐዱ እናውቃለን። ነገር ግን የምንለምነው ሽቦው ሰቆጣ ይግባ ብለን አይደለም። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት ያወጣውን ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም ሲጠራ፣ ሕፃኑን ከታመመ በኋላ ሳይሆን ከፅንሱ ጀምሮ ለመቍጠር ወስኗል። ያንኑ ቈጠራ ለጐልማሳው ቢያደርግለት ምን ይከለክላል? የደም ብዛት መለኪያው ነፍሰ ጡሯንም፣ ልቡና ኵላሊቱ የታመመውንም ያገለግላል።

ጥቅልሉን የሚያስገቡ ሐኪሞች በጥቂት ታላላቅ ሆስፒታሎች ቢሰበሰቡ ይሻላል፤ እጅ የሚሠለጥነው ብዙ በሽተኛ በማየት ነው። በጥቁር አንበሳ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2006 የተጀመረው የአንጎል ቀዶ ጥገና ትምህርት ያወጣቸው ሐኪሞች ዛሬ ከአዲስ አበባ ውጭም በክልል ከተሞች ያገለግላሉ፤ መሠረቱ አለ። ለሰቆጣ የሚያስፈልገው ሌላ ነው። በስድስት ሰዓት ውስጥ ከተነሣ የፈሰሰውን ደም ከሞላ ጎደል ሁሉ የሚያሳይ ሲቲ ስካን፣ የሚሠራውም ባለሙያ፤ በ1989 በእንግሊዝ ጥቅሙ የተረጋገጠው፣ በየአራት ሰዓቱ ለ21 ቀን የሚዋጠው ኒሞዲፒን፤ በሌሊት የሚመልስ የታወቀ ስልክ በደሴና በባሕር ዳር በኩል እስከ አዲስ አበባ።

በተቀባዩ ሆስፒታል መዝገብም ላይ ሁለት ዐምዶች ይጨመሩ፤ አንዱ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት፣ ሁለተኛው የጀመረበት ቀበሌ። በመንገድ የቀረውን ደግሞ የቀበሌዋ ጤና ሠራተኛ ከየቤቱ ጠይቃ ትጻፈው፤ በዓመቱም መጨረሻ ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ይነበቡ።