ውኃ ያስገባ ሮቦትና የክፍላችን ፊዚክስ

በፊዚክስ ጥያቄዎቻችን ውስጥ ዘወትር የምትደጋገም አንዲት ሐረግ አለች፤ «ሰበቃ እንደሌለ ይቆጠር» የምትለው። ተማሪው ይህችን ሐረግ ሲያነብ ልቡ ያርፋል። ከዚያ በኋላ ሽቦው ኃይል አያባክንም፤ ባትሪው አይደክምም፤ ቧንቧውም አያፈስም። እኔም በመምህርነቴ ሐረጊቱን ስጠቀምባት ኖሬያለሁ፤ አስተሳሰብን ታጠራለችና ወደፊትም አልተዋትም። ዳሩ ግን ተማሪው ከእርሷ ጥላ ወጥቶ ሰበቃ ካለበት ዓለም ጋር የሚተዋወቅበት ቀን መቼ ነው? በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ለዚህ ቀን የተያዘ ክፍለ ጊዜ የለም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለውድድር የሚሠሩት ሮቦት ያን ቀን ከሚያመጡ ጥቂት መንገዶች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ይሁን እንጂ የሥራው ጥቅም ያለው ብዙዎቻችን በምንፈልገው ቦታ፣ ማለትም በማሽኑና በዋንጫው ላይ አይመስለኝም።

ነገሩን በአንድ እውነተኛ ታሪክ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ ፊኒክስ ከተማ የሚገኘው ካርል ሄይደን የተባለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አራት ተማሪዎችን ለውኃ ውስጥ ሮቦቶች ውድድር አሰለፈ። ክሪስቲያን አርሴጋ፣ ሎሬንዞ ሳንቲላን፣ ኦስካር ቫስኬዝና ሉዊስ አራንዳ ይባላሉ። አራቱም በልጅነታቸው ከሜክሲኮ የመጡና የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ነበሩ። ውድድሩ የተካሄደው በካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ባርባራ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ መዋኛ ገንዳ ነው። የሮቦቱ ሥራ ከገንዳው ወለል ላይ የተቀመጠ የሰመጠ ባሕር ሰርጓጅ አምሳያን መመርመር፣ ጥልቀትና ርዝመት መለካት፣ ከበርሜል ውስጥ የፈሳሽ ናሙና መቅዳትና እነዚህን የመሳሰሉ ተግባራት ነበሩ። ሁለቱ መምህራኖቻቸው፣ አለን ካሜሮንና ፍሬዲ ላጅቫርዲ፣ ልጆቹን ያስመዘገቧቸው ከእኩዮቻቸው ጋር ሳይሆን ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች በሚወዳደሩበት ከፍተኛ ምድብ ነው። በዚያ ምድብ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በተለምዶ ኤም አይ ቲ የምንለው፣ ከ10,000 ዶላር በላይ የወጣበት ሮቦት ይዞ ቀርቧል። የአራቱ ልጆች ሮቦት ወደ 800 ዶላር ገደማ ፈጅቷል። አካሉ የቤት ውኃ በሚዘረጋበት የፒቪሲ ቧንቧ የተገጣጠመ ሲሆን፣ ከማጣበቂያው ሽታ የተነሣ «ስቲንኪ»፣ ግማታሙ እንደ ማለት፣ ብለው ሰየሙት።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን እናስላ። ከውሳኔዎቻቸው ሁሉ ደፋር የነበረው ባትሪውን በገንዳው ዳር ከመተው ይልቅ ውኃ በማያስገባ ሣጥን ዘግተው ከሮቦቱ ጋር ማስጠማቸው ነው። ሣጥኑ ቢያፈስ ሁሉም ነገር ያበቃል። ታዲያ ይህን አደጋ መቀበል ምን ይጠቅማል? ባትሪው ዳር ላይ ነው እንበል፤ ሮቦቱ በ30 ሜትር ገመድ ይሳባል፤ የመዳቡ ሽቦ ስፋት 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ኤሌክትሪኩ ደርሶ መልስ 60 ሜትር ይጓዛል። የሽቦው ሬዚስታንስ 1 ኦም ያህል ይሆናል። ሞተሮቹ 6 አምፒር ቢስቡ፣ ከ12 ቮልት ውስጥ 6ቱ ገመዱን በማሞቅ ብቻ ይባክናል። ሽቦውን እናወፍር ካልን ገመዱ ይከብዳል፤ ሮቦቱንም ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ባትሪው ከሮቦቱ ጋር ሲወርድ ግን ገመዱ ምልክት ብቻ ስለሚያስተላልፍ ቀጭን ሆኖ ይቀራል። የኦምን ሕግ በቃሉ የማይወጣ ተማሪ የለንም። ሕጉ ለውሳኔ ሲያስጨንቀው ያየ ተማሪ ግን ስንት ይሆን?

ቧንቧውም እንዲሁ ዝም ብሎ ርካሽ ዕቃ ብቻ አይደለም። የውጭ ዲያሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ሁለት ጫፉ የተደፈነ የ1 ሜትር ቧንቧ ወደ 2 ሊትር የሚጠጋ ውኃ ይገፋል፤ ስለዚህ በ2 ኪሎ ግራም ውኃ ክብደት ልክ ወደ ላይ ይነሣል። ከባዱ ባትሪ ከታች፣ አየር የያዘው ቧንቧ ከላይ ከሆነ ማሽኑ ቢገፋም ተመልሶ ይቃናል። አርኪሜደስ እዚህ ላይ የፈተና መልስ አይደለም፤ ሮቦቱ እንዳይገለበጥ የሚያደርግ ነው።

ከዚያም የተፈራው ደረሰ። ልጆቹ ሳንታ ባርባራ ደርሰው ሮቦቱን ሲሞክሩት ሣጥኑ ውኃ ማስገባት ጀመረ። አዲስ ሣጥን የሚገዙበት ገንዘብም ጊዜም አልነበራቸውም። ስለዚህ ጥያቄውን ለወጡት፤ ውኃው እንዳይገባ ማድረግ ካልቻልን የገባው ውኃ ሽቦዎቹን እንዳይነካ ምን ሊመጠው ይችላል? መልሱ ሴቶች በወር አበባ ጊዜ የሚጠቀሙበት ታምፖን ሆነ። ሎሬንዞ ሱቅ ሄዶ ገዛ፤ ሣጥኑ ውስጥ ወተፉት፤ ሮቦቱም ወረደ። በውጤቱ ካርል ሄይደን አንደኛ፣ ኤም አይ ቲ ሁለተኛ ወጡ። አራቱ ልጆች በዲዛይንና በቴክኒክ ጽሑፍም ተሸለሙ። ስለ ጽሑፉ ሽልማት ሰዎች እምብዛም አያወሩም። እኔ ግን ከታምፖኑ ይልቅ ይደንቀኛል፤ የሠሩትን በሥርዓት ጽፈው ማስረዳት ችለዋልና።

ይህ ታሪክ በመጽሔት ታትሟል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ፊልምም ሆኗል። በእኛ ዘንድ ሲነገር ግን ሁልጊዜ «ችግር ብልሃትን ይወልዳል» በሚለው አባባል ይቋጫል። ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽነቱም ያሳስበኛል። ችግር ብቻውን ብልሃትን የሚወልድ ቢሆን ኖሮ እኛ ዛሬ የት በደረስን! እነዚያ ልጆች ችግር ብቻ አልነበራቸውም፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ አብረዋቸው የሚያመሹ ሁለት መምህራን ነበሯቸው። ዲን ካሜን የተባለው የፈጠራ ሰው እ.ኤ.አ. በ1989 በመሠረተው ፈርስት በተሰኘው ድርጅት የሮቦት ውድድርም ትምህርት ቤታቸው አስቀድሞ ይሳተፍ ነበር። ሙቀት እንዴት እንደሚለካ ባላወቁ ጊዜ የኢንዱስትሪ ቴርሞሜትር ለሚሸጥ ባለሙያ ስልክ ደውለው ጠየቁ፤ ሰውየውም ጊዜ ሰጥቶ አስረዳቸው። የልጅ ጥያቄ ነው ብሎ አልናቃቸውም። 800 ዶላርም ቢሆን ለእኛ ትምህርት ቤቶች ትንሽ ገንዘብ አይደለም። የችግርን ውዳሴ የምናበዛ ከሆነ ቤተ ሙከራ አለመኖሩን እንደ ጸጋ ወደ መቁጠር እንዳንሄድ እፈራለሁ።

ድል ሁሉንም በር ይከፍታል ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የአሪዞና መራጮች የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ተማሪዎች የግዛቱን ነዋሪ የኮሌጅ ክፍያ እንዳያገኙ የሚከለክል ሕግ አጸደቁ። ኦስካር ቫስኬዝ በመካኒካል ምህንድስና ከተመረቀ በኋላ እንኳ ወደ ሜክሲኮ ተመልሶ ፈቃድ እስኪያገኝ መጠበቅ ግድ ሆኖበት ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። በተማርኩበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ኦሲሎስኮፕ ነበር፤ በመስተዋት ቁም ሣጥን ተቆልፎ። ለአራት ዓመታት በመስተዋቱ በኩል አየሁት፤ ሲበራ ግን አላየሁም። ቁልፉ «እንዳይሰበር» ተብሎ ተይዞ ነበር፤ አልተሰበረምም። ለዶክትሬት ትምህርት ባሕር ማዶ ስሄድ እኩልታ በመፍታት ከማንም አላንስም ነበር። በመጀመሪያው ወር ግን ሽቦ መበየድ አቅቶኝ አንድ ውድ ማጉያ አቃጠልሁ። ከእኔ በዕድሜ በብዙ የሚያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አስተማረኝ። ሦስት ራዲዮ አቃጥሎ እንደተማረው ሲነግረኝ ይስቅ ነበር። በዚያ ቀን የተሰማኝ ኀፍረት ሳይሆን ቅናት ነበር። እርሱ በአሥራ አምስት ዓመቱ እንዲያበላሽ ተፈቅዶለታል፤ እኔ ግን በሠላሳ ዓመቴ ገና መጀመሬ ነው።

የሮቦት ውድድርን የምደግፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ እንዲያበላሹ ስለሚፈቅድ። ስለሆነም ፈቃዱ የሌለበትን ውድድር አልደግፍም። ከውጭ ታዝዞ የመጣ የተሟላ ዕቃ በመመሪያው መሠረት ገጣጥሞ፣ አስቸጋሪውን ክፍል መምህሩ ማታ ብቻውን አስተካክሎ፣ በማግሥቱ ተማሪዎቹ ዋንጫ ይዘው ፎቶ የሚነሡበት ሥራ እንደዚያ ኦሲሎስኮፕ በመስተዋት የታጠረ ነው። እዚህ ላይ መምህራን ባልደረቦቼ ይቆጡኝ ይሆናል። ክፍለ ጊዜው ጥቂት፣ ክፍሉ የታጨቀ፣ ደመወዙም የታወቀ እንደሆነ አላጣሁትም። የካርል ሄይደን መምህራን ያመሹበትን ሰዓት የእኛ መምህር በትርፍ ሥራ ኑሮውን ለመደጎም ይሮጥበታል። ይህን ሳያስተካክል ሮቦት የሚገዛ የትምህርት አስተዳደር ገንዘቡን በተሳሳተ ቦታ አውሏል እላለሁ።

ባለፈው ዓመት ሦስት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ቢሮዬ ድረስ መጥተው ነበር። «ዶክተር፣ ይህን ያስገዙልን» ብለው ከውጭ የሚታዘዙ ዕቃዎች ዝርዝር ሰጡኝ። ዝርዝሩን አየት አድርጌ ሮቦቱ ምን እንዲሠራ እንደሚፈልጉ ጠየቅኋቸው። ተያዩ። «ከተስማማችሁ በኋላ ተመለሱ» አልኳቸው፤ ተመልሰው አይመጡም የሚል ግምት ነበረኝ። በሦስተኛው ሳምንት መጡ። ከምናለሽ ተራ ያገኟቸውን ሁለት የአሻንጉሊት መኪና ሞተሮች በአራት የሃይላንድ ጠርሙሶች ላይ አስረው፣ ከኩሬ ውኃ ናሙና ቀድታ የምትመለስ ጀልባ ጀምረዋል። በመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አስነሧት፤ ወደ ግራ ታጥፋ ከግድግዳው ጋር ተላተመች። አንደኛዋ ግራው ሞተር ደክሟል አለች፤ ሁለተኛው ባትሪው ወደ ቀኝ ስለተቀመጠ ሚዛኑ ተዛብቷል አለ፤ ሦስተኛው ዝም ብሎ በማስመሪያ ይለካ ጀመር።

እኔ የማን ግምት ትክክል እንደሆነ የማውቅ ይመስለኛል። አልነገርኳቸውም። የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ግን ሰጥቻቸዋለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ።